ለአረፋ ሐርቡ ልገባ ነው፤ ዕቃውን ከመርካቶ ልጫን ወይስ እዚያው ልግዛ?

የሐርቡ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቤተሰቦቼ ከሐርቡ ከተማ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ገባ ብለው ነው የሚኖሩት። ከሁለት ዓመት በኋላ ለአረፋ ልገባ ነው። በስልክ የተነገረኝ ይኼ ነው። ለአባቴ ሽርጥና ጫማ። ለእናቴ ብርድ ልብስና ትልቅ ድስት። ለሁለቱ ታናናሾቼ ልብስ። ከዚያ የኬሚካል መርጫ፣ ሁለት ማጭድ፣ ነቀዝ የማያስገባው ከረጢት። የቱን ከመርካቶ ልያዝ? የቱን ከከሚሴ፣ ከኮምቦልቻ ወይም ከባቲ ልግዛ? የምታውቁት ሱቅ ካለ ጠቁሙኝ። የምሄደው በአውቶቡስ ነው።

ከሚሴ ሰፈር፦
ከመርካቶ ምንም አትጫን። ለጭነት የምትከፍለው ካተረፍከው ይበልጣል። ድስቱ ደግሞ ሲጫን ያየኸውና ሲወርድ የምታየው አንድ አይሆንም።

የልጆች እናት፦
ብርድ ልብሱን ግን ከመርካቶ ያዝ ወንድሜ። ምርጫ አለው፣ ተጨብጦም ይሄዳል። አንሶላና ፎጣ ከጨመርክ ከኮምቦልቻ ግዛ። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው እዚያው ነው። እኔ ስዳር የተሰጠኝ አንሶላ እስካሁን አለ፤ ልጆቼ ናቸው ያረጁት።

መንገደኛው፦
አንድ ነገር ረሳችሁ። ከአዲስ አበባ ሲመጣ ሐርቡ ከኮምቦልቻ በፊት ነው። ለአንሶላ ብሎ ቤቱን አልፎ ሄዶ ይመለስ? ጉዞው እሑድ ከዋለ ሰንበቴ መንገዱ ላይ ናት፤ ገበያዋም እሑድ ነው። አጣዬ ከመድረስህ በፊት ማለት ነው። ሽርጥም፣ ሰፌድም፣ ማጭድም አለ። አውቶቡሱ ካልጠበቀህ ግን እኔን አትውቀሰኝ።

ባቲ ሰኞ፦
ሰው ምን ነካው? ባቲ እያለ ሰንበቴ! ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰኞ በጠዋት ውረድ። አፋሩም፣ ኦሮሞውም፣ አማራውም የሚገበያይበት ቦታ ነው። ሽርጥ እንደሆነ ከአባቴ ጀምሮ የምንገዛበት አንድ ቤት አለ። ከሱ ውጭ ገዝቼ አላውቅም። በዋጋ የሚደርስበት የለም።

መንገደኛው፦
ሌላ ቤት ገዝተህ ካላወቅህ በዋጋ የሚደርስበት እንደሌለ በምን አወቅህ?

ባቲ ሰኞ፦
አባቴ ነግሮኛል።

ቦርከና ዳር፦
ስለ ሱቅ ካነሳችሁ የኔን ስሙኝ። ባለፈው በጋ የሽንኩርት ዘር ገዛሁ። ቆርቆሮው አዲስ፣ ሥዕሉ የሚያምር። ሻጩ «እኔም ለራሴ የዘራሁት ይኼንኑ ነው» አለኝ። መደብ አዘጋጅቼ፣ የውሃ ተራ ለምኜ ዘራሁ። 10 ቀን ጠበቅሁ፣ የለም። 15 ቀን ሆነ፤ የበቀለው አረም ብቻ ነው። የጣልኩትን ቆርቆሮ ፈልጌ አገላብጬ ሳየው፣ ቀኑ ላይ ትንሽ ወረቀት ተለጥፎበታል። በጥፍሬ ላጥኩት። ከሥሩ ያለው ቀን ካለፈ ቆይቷል! ይዤ ስሄድ «ውሃ አብዝተህ ነው» አሉኝ። ደረሰኝ አልነበረኝም። የዘሩ ዋጋ ይቅር፤ የሠራተኛው፣ የናፍጣው፣ የወቅቱ ማለፍ! ጎረቤቴ ሽንኩርት ሲጭን እኔ አጥር ላይ ተደግፌ አየሁት።

ሰብለ ወሎ፦
ኧረ በስመአብ! የትኛው ሱቅ ነው?

ከሚሴ ሰፈር፦
ስሙን አውጣው እንጂ ሕዝብ ይጠንቀቅ።

ቦርከና ዳር፦
እዚህ አልጽፍም። የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

የልጆች እናት፦
እኔ።

ሰብለ ወሎ፦
እኔም በውስጥ።

ዝም አልልም፦
እኔ ሽንኩርት አልዘራም፤ ግን ላክልኝ።

ሐሰን የቃሉው፦
አብሽር ወንድሜ። አላህ ይተካዋል።

አዲስ ገበሬ፦
አብሽር የት ሱቅ ነው ያለው? የኛ ማሽላ በአቀንጭራ አረም ሊያልቅ ነው።

ሐሰን የቃሉው፦
ወንድሜ፣ ሰውየውን እያጽናናሁት ነው።

ዲኤ የነበርኩ፦
አዲስ ገበሬ አልተሳሳተም፤ አብሽር የሚባል የማሽላ ዝርያ አለ። ጎብዬም አለ። ሁለቱም አቀንጭራን የሚቋቋሙ ናቸው። ግን ከሱቅ ከመፈለግህ በፊት ቀበሌህ ያለውን የልማት ሠራተኛ (ዲኤ) ጠይቅ።

ቦርከና ዳር፣ ያንተ ነገር ያሳዝናል። የሽንኩርት ዘር ቶሎ ይሞታል፤ በሙቀት ከተቀመጠ ከዓመት በላይ አታምነው። በተለይ እንደናንተ ባለ ቆላ። ሌላ ጊዜ መደብ ሳትነካ 100 ፍሬ ቆጥረህ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው። እንዳይደርቅ እያርከፈከፍክ ከ10 ቀን በኋላ ቁጠር። 80 እና ከዚያ በላይ ከበቀለ ዝራው። ከ50 በታች ከሆነ ጨርቁን ከነዘሩ ይዘህ ሱቁ ሂድ። ደረሰኝህንም ያዝ።

ዝም አልልም፦
ልጁ ሽርጥ ጠየቀ፣ እኛ ሽንኩርት ተከልንለት። በነካ እጃችን ቃሪያም እንጨምርለት?

የሐርቡ ልጅ፦
ሃሃ፣ አመሰግናለሁ። ለቦርከና ዳር አዝኛለሁ። ግን መርጫውና ከረጢቱስ? ድስቱም አለ።

ዲኤ የነበርኩ፦
መርጫው የተለመደው ባለ 16 ሊትሩ ነው። ሳትከፍል ውሃ አስሞልተህ እዚያው ሱቁ በር ላይ እርጭ። ከክዳኑ ወይም ከእጀታው ካንጠባጠበ ተወው፤ ነገ መርዙ የሚወርደው አባትህ ጀርባ ላይ ነው። ጎሚኒና አፍንጫው የሚሸጥበት ቦታ ግዛ። ከመርካቶ አምጥተህ ጎሚኒው ሲበላ ማን ይልክላቸዋል? ለዚህ ነው እኔ ኮምቦልቻ ወይም ከሚሴ የምለው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። አባትህ ማሽላው ላይ ቱ ፎር ዲ የሚባለውን የአረም መድኃኒት የሚረጩ ከሆነ፣ ያንኑ መርጫ ለቲማቲም ወይም ለማሾ አይጠቀሙበት። ታጥቦ እንኳ የሚቀረው ቅጠሉን ያጠማዝዘዋል። ነፋስ ባለበት ሰዓትም አይረጩ። በነፋስ የጎረቤት ማሾ ተቃጥሎ ሽማግሌ የተቀመጠበትን ነገር በዓይኔ አይቻለሁ።

ከረጢቱ ፒክስ የሚባለው ነው። ውስጡ ሁለት ፕላስቲክ፣ ውጭው እንደ ማዳበሪያ ከረጢት ነው። 100 ኪሎ ይይዛል። ኬሚካል የለውም፤ ነቀዙ አየር አጥቶ ነው የሚሞተው። እህሉ በደንብ ይድረቅ፣ አለበለዚያ ይሻግታል። ሦስቱንም አንገት ለየብቻ አጥፈው ይሰሩ። ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርገው ያስቀምጡት። አይጥ ከበሳው አለቀ። የነቀዝ ክኒኑን ግን ሰው የሚተኛበት ቤት እንዳያስገቡት። ጋዙ ሰው ይገድላል። ይኼንን ለእናትህም ንገራቸው።

የልጆች እናት፦
እግዜር ይስጥህ። እኛ ቤት ክኒኑ አልጋ ሥር ነው የሚቀመጠው! አሁን ደውዬ አስወጣሁት።

አዲስ ገበሬ፦
ማዳበሪያስ ከመርካቶ ይገኛል?

ዝም አልልም፦
አዎ፣ ከጫማ ተራ ጀርባ፣ ከዩሪያ ቡቲክ።

ዲኤ የነበርኩ፦
አታሹፍበት። ማዳበሪያ በቀበሌው ኅብረት ሥራ ማኅበር በኩል ነው የሚመጣው። ስምህን አስመዝግብ።

ሰብለ ወሎ፦
ማጭድ እንደሆነ ከሱቅ አይገዛም። ቀጥቃጭ ጋ ሂድ። ከባሌስትራ የተሠራውን ጠይቅ፤ ከአሮጌ መኪና የሚወጣውን። የሱቁ ቆርቆሮ አንድ ማሳ ሳይጨርስ ይጎብጣል። አባቴ ማጭድ ሲገዛ በጣቱ መትቶ ጆሮው ላይ ያስጠጋዋል። እኔ ድምፁን ለይቼ አላውቅም፤ እሱ ግን ተሳስቶ አያውቅም።

ከሚሴ ሰፈር፦
ልብሱን በተመለከተ። ልጆቹን ሁለት ዓመት ካላየህ በግምት አትግዛ። አንተ የምታስባቸው ልጆች አሁን የሉም፤ አድገዋል። ቁመትና ወገባቸውን በክር ይለኩና በሜትር ቆጥረው ይንገሩህ። ጨርቅ ገዝቼ እዚያ አሰፋለሁ እንዳትል። አረፋ ሲቀርብ ልብስ ሰፊው «ነገ ና» ከማለት ሌላ ቋንቋ የለውም።

ሐሰን የቃሉው፦
የአባትህ ጫማ ለእርሻ ነው ወይስ ለኢድ ሶላት? ለእርሻ ከሆነ በረባሶ ነው፣ ጨርሰናል። የሚያብረቀርቅ ጫማ ከወሰድክላቸው ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። የኔ አባት ሦስት ጫማ አላቸው፣ ሦስቱም ከነካርቶናቸው።

የልጆች እናት፦
ምጣድ እንዳትይዝ ብቻ። እኔ ከአዲስ አበባ ምጣድ ተሸክሜ ሄጄ ጣርማ በር ሳንደርስ ለሁለት ተሰነጠቀ። እናቴ ምንም አላለችም። ግማሹን ለዶሮዎቹ መኖ መስጫ አደረገችው።

የሐርቡ ልጅ፦
ምጣድ አልጠየቁኝም። ድስት ነው።

ባቲ ሰኞ፦
ድስትም ባቲ አለ።

አዲስ ገበሬ፦
ባቲ ግመል ስንት ገባ?

ባቲ ሰኞ፦
ዋጋ አልጽፍልህም፤ አንብበህ ሳትጨርስ ይለወጣል። ሰኞ ና፣ አሳይሃለሁ። የምናውቀው ደላላ አለ።

መንገደኛው፦
የአባትህ ደላላ?

ባቲ ሰኞ፦
የአያቴ።

የሐርቡ ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወስኛለሁ። ሐሙስ ሌሊት ነው መነሻዬ። ዲኤ የነበርኩ፣ የጻፍከውን ለአባቴ በስልክ አነበብኩለት፤ «ይኼን ልጅ ይዘኸው ና» አለኝ።

ሰብለ ወሎ፦
ምን ወሰንክ? ከየት ገዛህ?

ከሚሴ ሰፈር፦
ወንድም፣ ድስቱን ከየት?

ሰብለ ወሎ፦
አምስት ቀን ሆነው። መልስ የለም። ገጠር ገብቷል፣ ኔትወርክ የለም መሰለኝ።

ቦርከና ዳር፦
በውስጥ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ የሱቁን ስም ልኬአለሁ። አንዱ «የአጎቴ ሱቅ ነው፣ ዘሩ ምንም አይወጣለትም» ብሎ ሲሰድበኝ አምሽቷል።

ባቲ ሰኞ፦
እኔ አይደለሁም።