ህንዳውያን ባልደረቦቼን ስታዲየም ልወስድ ነው፤ ቤዝቦልን በምን ላስረዳቸው?

የአርሊንግተኑ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ቴክሳስ፣ ዳላስ አካባቢ ነው። ቤዝቦል የለመድኩት እዚህ መጥቼ ቢሆንም አሁን የአካባቢያችን ቡድን ሬንጀርስ ሲሸነፍ እራት አይወርድልኝም። የሥራ ባልደረቦቼ አብዛኞቹ ህንዳውያን ናቸው፤ ከሃይደራባድና ከቼናይ የመጡ፣ ክሪኬት ሲነሳ ሥራውንም ምሳውንም የሚረሱ። ቤዝቦል ከተነሳ ግን ሳቅ ብቻ ነው። አንደኛው "ያ ሁሉ ጓንት ለምንድነው? እኛ ጋ ሕፃናት እንኳ በባዶ እጃቸው ነው የሚቀልቡት" ይለኛል። ሌላው፣ ጠና ያለው የቼናይ ሰውዬ፣ የክሪኬቱን ዶኒን እንደ ታቦት የሚያየው፣ ስልኬ ላይ ትንሽ ተመለከተና "ሁሉም ኳስ ፉል ቶስ (መሬት ሳትነካ መቺው ጋ የምትደርስ) ነው እንዴ?" ብሎ ስልኩን መለሰልኝ። ከዚያ በኋላ ሊያይ ፈቃደኛ አልሆነም።

እኔም እልህ ያዘኝና ለሁላቸውም የሬንጀርስ ስታዲየም፣ የግሎብ ላይፍ ፊልድ ቲኬት ቆረጥኩ። ህንድ የኖራችሁ፣ ወይም ከህንዶች ጋር ክሪኬት የምታዩ ካላችሁ፣ በእነሱ ዓይን ይሄ ጨዋታ ምን ይመስላል? ከየት ልጀምርላቸው? ደግሞ "ሁለቱም ኳስ በዱላ መምታት ነው" የሚል መልስ አትስጡኝ፤ እሱን ሰምተው የሚምሩኝ አይመስለኝም።

ሃይደራባድ ደርሶ መልስ፦

ወንድሜ፣ ፉል ቶስ ያለህ ሰውዬ የቀለደ እንዳይመስልህ። የህንድ ክሪኬት ተመልካች ዓይኑ መሬት ላይ ነው። ሃይደራባድ ስማር ሆስቴላችን ውስጥ ጨዋታው የሚጀመረው ኳስ ሳይወረወር ነበር፤ ፒቹ (ኳሷ የምትነጥርበት መሬት) ደርቋል፣ ተሰነጣጥቋል፣ ሣር ቀርቶበታል፣ ማታ ጤዛ ይወርድበታል እየተባለ ሙግት። ኳሷ መሬት ነክታ ስትነሳ ወዴት ትሄዳለች የሚለው የጨዋታው ግማሽ ነው። ወርዋሪው አሽዊን ያዞራት የነበረች ኳስ አየር ላይ ሆና ምንም አትመስልም ነበር፤ ጉዷ የሚወጣው መሬት ስትነካ ነው። መሬት ሳትነካ ቀጥ ብላ የምትመጣዋ ደግሞ ከወርዋሪው እጅ ያመለጠች ስጦታ ናት፣ ከወገብ በላይ ከሆነች እንዲያውም ኖ ቦል ተብላ ያስቀጣል። እንዲህ ሆኖ ላደገ ሰው ቤዝቦል ስታሳየው የሚታየው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስጦታ የሚታደልበት፣ መቺው ግን መቀበል ያቃተው ጨዋታ ነው። "ይሄኔ ኮህሊ ቢሆን!" ይልሃል፣ የህንዱን ኮከብ መቺ ማለቱ ነው።

በፍጥነት ላሳምናቸው ብለህም አትልፋ። ሾዓይብ አክታርን ያነሱብሃል፤ በ2003 በሰዓት 161.3 ኪሎ ሜትር ወርውሯል። ፓኪስታናዊነቱን ለዚያች ደቂቃ ይረሱለታል።

ይልቅ አንድ መቺ ምረጥና ከመጀመሪያዋ ኳስ እስከ መጨረሻዋ አብራችሁ ተከተሉት፤ ወሬ የለም፣ ስልክ የለም። ፒቸሩ (የቤዝቦል ወርዋሪው) መጀመሪያ ፈጣኗን ወደ መቺው ሰውነት አስጠግቶ ይለቃታል። መቺው ገፋ ብሎ ያሳልፋታል። ቀጥሎ በዚያው የክንድ ፍጥነት፣ በዚያው አወራወር፣ ግን በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ያህል የቀነሰች ኳስ ትመጣለች፤ ቼንጅአፕ የሚሏት። መቺው ቀድሞ ይሰነዝርና ዱላው አየር ቀዝፎ ይመለሳል። ይሄኔ ወደ ሰውዬው ዞር በልና "የቡምራ ስሎወር ቦል" በለው (ቡምራ የህንዱ ፈጣን ወርዋሪ ነው)፣ ሌላ አትጨምር። እሱ ራሱ ቀጣይዋን መገመት ይጀምራል። ከርቭቦሏ ስትመጣ ደግሞ ኳሷ መሬት ሳትነካ ስትወድቅ ያያል። እነሱ ጋ ፒቹ የሚሠራውን ሥራ እዚህ አየሩና የኳሷ ስፌት ናቸው የሚሠሩት። ይሄን ያየ ሰው ፉል ቶስ የሚለውን ቃል አይደግማትም።

የቡምራን አጭር መንደርደሪያ ሲያደንቁም ፒቸሩን አሳያቸው፤ እሱ ጭራሽ አይንደረደርም። አንድ እግሩ መሬት ላይ ከተተከለችው የጎማ ሰሌዳ ሳይላቀቅ፣ በ18.44 ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ ነው የሚለቃት። (የክሪኬት ፒች በሁለቱ ዊኬቶች (ጫፍና ጫፍ በተተከሉት እንጨቶች) መካከል 20.12 ሜትር ነው።) ክርኑን ስለሚያጥፍ "ይሄማ ቸኪንግ ነው" ይሉሃል፣ በክሪኬት ክርን ከ15 ዲግሪ በላይ ከተዘረጋ ሕገወጥ ነውና። እሽ ብለህ እለፍ።

ሌላው የሚያስደነግጣቸው የኳሷ ነገር ነው። አብሮኝ የሚኖረው የዋራንጋል ልጅ አንድ ጠዋት ላፕቶፔ ላይ ቤዝቦል እያየሁ አጠገቤ ተቀመጠ። ኳሷ አፈር ነካች፣ ካቸሩ (ከመቺው ጀርባ ሆኖ የሚቀልበው) አንስቶ ሰጠ፣ ዳኛው ከኪሱ አዲስ አወጣ። ልጁ አላመነም፤ "ምን አደረገች? ገና አልበሰለችም እኮ!" አለኝ። እውነቱን ነው። በቴስት ክሪኬት፣ እስከ አምስት ቀን በሚዘልቀው፣ አንዷ ኳስ ቢያንስ ለ80 ኦቨር ታገለግላለች፤ አንድ ኦቨር ስድስት ውርወራ ስለሆነ 480 ውርወራ መሆኑ ነው። አንድ ጎኗን በሱሪ ሲያሹ፣ ሌላው ጎኗ ሲሻክር፣ መጨረሻ ላይ ሪቨርስ ስዊንግ ትሠራለች፣ ከተለመደው በተቃራኒ አየር ላይ ትታጠፋለች። ተመልካቹ የኳሷን ዕድሜ እየቆጠረ ነው የሚያየው። ተመልካች ወደ መቀመጫው የተመታችውን ኳስ ይዞ ቤቱ ሲገባማ ሌብነት ነው የሚመስላቸው።

ለዚህ መልስ አለህ። በ1920 የክሊቭላንዱ ሬይ ቻፕማን ጭንቅላቱን በኳስ ተመትቶ ሞተ። በዚያ ዘመን ኳሷ ቆሽሻ ጠቁራ እስክትጠፋ ድረስ ይጫወቱባት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ነው የቆሸሸች ኳስ ወዲያው መለወጥ የተጠናከረው። አዲሶቹንም ዝም ብለው አያስገቧቸውም፤ ከዴላዌር ወንዝ አካባቢ በሚወጣ ጭቃ ያሿቸዋል፣ እንዳያንሸራትቱ። ጭቃውን ስነግረው ነው ልጁ ልቡ የራራው። ኳስ ማሸት ሲባል ይገባቸዋል።

የጓንቱን ክርክር ግን ተወው፣ አታሸንፍም።

ጎግሊ፦

ደርሶ መልስ ጥሩ ብለሃል፣ ግን የምትናገረው ስለ ቴስት ክሪኬት ሰው ነው። የአርሊንግተኑ ባልደረቦች መካከል ወጣቶቹ አይፒኤል (የህንድ የክሪኬት ፕሪሚየር ሊግ) ሲያዩ ያደጉ ይሆናሉ። አይፒኤል የተጀመረው በ2008 ነው፤ የከተማ ክለብ፣ የተጫዋች ጨረታ፣ በጨዋታ መሀል ማስታወቂያ፣ ከአጥር በላይ የሚሄድ ኳስ። አሠራሩ ከአሜሪካ ሊጎች የተቀዳ ስለሆነ ስታዲየሙ ውስጥ ያለው ሁሉ አይገርማቸውም። ርዝመቱም አያስፈራቸውም፤ በ2023 የፒች ሰዓት (ፒቸሩ ኳሷን የሚለቅበት የጊዜ ገደብ) ከገባ ጀምሮ አንድ ጨዋታ በአማካይ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ነው የፈጀው፣ አጭሩ ክሪኬት ቲ20 እንኳ ከዚያ ይረዝማል።

እነዚህን የሚያበሳጫቸው ቁጥሩ ነው። ክሪኬት ላይ ጎበዝ መቺ ማለት የማይወጣ ሰው ነው። አውስትራሊያዊው ብራድማን በቴስት አማካዩ 99.94 ነበር፤ ይሄን የህንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ በቃሉ ያውቀዋል። እዚህ ደግሞ ከአሥር ሰባቱን የሚስት ሰው ኮከብ ይባላል። በአሜሪካንና በናሽናል ሊግ ከ1941ዱ ቴድ ዊሊያምስ ወዲህ 0.400 (ከአሥር አራቱን መምታት) የደረሰ የለም በላቸውና ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ራሳቸው ያስሉት። ህንድ ቁጥር ይወዳል፣ የኔ ወንድም፤ ውጤት መመዝገቢያ ወረቀት ገዝተህ ለአንዱ ስጠው፣ ከማንም በላይ ተመስጦ ያያል።

ሌላ ማጥመጃ ልንገርህ። አይፒኤል በ2023 ኢምፓክት ፕሌየር የሚል ሕግ አመጣ፣ አንድ ተጫዋች በመሀል ለውጠህ መቺ ወይም ወርዋሪ ታስገባለህ። የህንዱ መቺ ሮሂት ሻርማ ሁለገብ ተጫዋቾችን ይጎዳል ብሎ በአደባባይ ነቅፎታል። ይሄ ቃል በቃል የቤዝቦል ዲዛይኔትድ ሂተር ክርክር ነው፤ አሜሪካን ሊግ ከ1973 ጀምሮ ፒቸሩ እንዳይመታ ሌላ ሰው ይተካለት ነበር፣ ናሽናል ሊግ እስከ 2022 ድረስ ገና እየተንገራገረ። ይሄን አንሳላቸውና ዳር ሆነህ አዳምጥ፤ እርስ በርስ ይጣሉልሃል። ያኔ ኦታኒን ታስገባለህ። በ2024፣ 54 ሆም ራን (ከአጥር በላይ የሄደ ኳስ) መትቶ 59 ቤዝ የሰረቀ (ሳይመታ ሮጦ ወደ ቀጣዩ ማዕዘን የደረሰ)፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ ፒቸር የሆነ ጃፓናዊ። ሁለገቡ ካፒል ዴቭ ባደገበት አገር ኦታኒ ማስተዋወቂያ አያስፈልገውም።

ትዕግሥት ከሉክናው፦

እኔ ያለሁት ሉክናው ስለሆነ የሰፈሬን ልጆች ላንሳ። ሪንኩ ሲንግ በላቸውና ማን ትዝ እንደሚላቸው እይ። ሁሉም የሚሉህ የአሊጋሩን ልጅ ነው፣ በ2023 ለኮልካታ ተሰልፎ በመጨረሻው ኦቨር አምስት ሲክስ (መሬት ሳትነካ ከወሰን የወጣች ኳስ፣ ስድስት ነጥብ) በተከታታይ የመታውን። ግን ሌላ ሪንኩ ሲንግ አለ፤ እሱም የኡታር ፕራዴሽ ልጅ፣ ጦር ወርዋሪ። በ2008 ሚሊዮን ዶላር አርም የሚል ውድድር አሜሪካኖች ህንድ ውስጥ አዘጋጅተው ለቤዝቦል ፈጣን ክንድ ያለው ሲፈልጉ አንደኛ ወጥቶ 100 ሺህ ዶላር ወሰደ። ዲኔሽ ፓቴል ሁለተኛ ሆነ፣ እሱም ጦር ወርዋሪ። ያን ሁሉ ክሪኬት ተጫዋች ባለበት አገር አሸናፊዎቹ ክሪኬተሮች አለመሆናቸውን ልብ በሉ። ክንዱን ቀጥ አድርጎ መወርወር የለመደ ሰው በአንድ ውድድር አይለቀውም፤ ጦር ወርዋሪ ግን ከትከሻ በላይ መወርወር ሥራው ነው።

በዚያው ዓመት ሁለቱም ለፒትስበርግ ፓይሬትስ ፈረሙ። ዋናው ሊግ ግን አልደረሱም፤ ዲኔሽ በ2010 ተመለሰ፣ ሪንኩ ቆይቶ ትግል ገባና ቪር ማሃን በሚል ስም ደብልዩ ደብልዩ ኢ ላይ ታየ። እዚህ ከታጋይነቱ እንጂ ከቤዝቦሉ የሚያውቀው ሰው አላጋጠመኝም።

ህንድ ውስጥ ጨዋታው ጨርሶ የለም እንዳትሉ ደግሞ። ማኒፑር፣ ኢምፋል አካባቢ ይጫወቱታል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እዚያ የሰፈሩ የአሜሪካ አየር ኃይል ሰዎች ናቸው ያስለመዱት ይባላል።

የአርሊንግተኑ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ በተለይ እህቴ ትዕግሥት። የጦር ወርዋሪዎቹን ነገር ሰኞ ምሳ ላይ አነሳዋለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ሬንጀርስ ጋ ኩማር ሮከር የሚባል ፒቸር አለ። ስሙ ይጠቅመኛል?

ጎግሊ፦

እንዴት አይጠቅምህ! የእናቱ ወገን ከህንድ ነው፣ አባቱ ትሬሲ ሮከር የአሜሪካ ፉትቦል ሰው ነበር። በ2022 ድራፍት (የአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ) ሦስተኛ ተመርጦ በመስከረም 2024 ለሬንጀርስ ጀመረ። እሱ የሚወረውርበትን ቀን አጣርተህ ቲኬቱን መለወጥ ከቻልክ ለውጥ። ካልሆነ ደግሞ መኪና ውስጥ እያላችሁ ግራንድ ፕሬሪን አንሳ። ያ የክሪኬት ስታዲየም ድሮ የቤዝቦል ሜዳ ነበር፤ አሁን የቼናይ ባለቤቶች ያላቸው ቴክሳስ ሱፐር ኪንግስ ይጫወትበታል። በ2024ቱ የቲ20 ዓለም ዋንጫ አሜሪካ ፓኪስታንን በሱፐር ኦቨር (እኩል ሲወጡ በሚጨመረው ኦቨር) ያሸነፈችው እዚያው ነው፣ ያችን ኦቨር የወረወረው ደግሞ የሙምባዩ ተወላጅ የሶፍትዌር መሐንዲስ ሳውራብ ኔትራቫልካር። በስድስተኛው ቀን ኒውዮርክ ላይ ኮህሊን በመጀመሪያ ኳሱ አስወጣው። ይሄኛውን ግን አንተ አታንሳ፣ እነሱ ያንሱት።

ሃይደራባድ ደርሶ መልስ፦

ቲኬቱን የምትለውጥ ከሆነ ወንበሩንም አስብበት። ከሆም ፕሌት (መቺው ከሚቆምበት) ጀርባ ታች ያለው ውድ ነው፤ በዚያው አቅጣጫ ላይኛው ፎቅ ላይ ብትቀመጡ ይበቃል፣ ስላይደሯ (ወደ ጎን የምትታጠፈዋ ውርወራ) ስትሸሽ ከዚያ ትታያለች። ከጎን በኩል ከተቀመጣችሁ ግን መታጠፏ አይታይም፣ የቼናዩ ሰውዬም ፉል ቶሱን ይደግምብሃል።