የየካቲት 12 ሟቾች ቁጥር፦ የትኛውን ምንጭ ልያዝ?

ጠያቂ (3ኛ ዓመት ታሪክ)
ሰላም ለሁላችሁ። የሴሚናር ወረቀቴ ስለ የካቲት 12 ቀን 1929 ጭፍጨፋ ነው፤ 15 ገጽ። የሟቾቹን ቁጥር አንዱ 30,000 ይላል፣ ሌላው 19,200፤ የጣሊያን ወገን ደግሞ እጅግ ዝቅ ያደርገዋል። የትኛውን ልጻፍ? በየዓመቱ ለመታሰቢያው ጋዜጣ ላይ የሚወጣውስ ምንጭ ይሆናል?

መዝገብ ቤት
ወንድሜ፣ አንዱን መርጠህ ሌላውን አትጣል። ቁጥሩን ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳወጣው ጻፍ። 30,000 የኢትዮጵያ መንግሥት ከነጻነት በኋላ ባቀረበው የጉዳት ዝርዝር ላይ ያለ ነው፤ የዝርዝሩ ጠቅላላ ድምር 760,300 ሰው ነው። ያ ሰነድ መንግሥት ምን እንደጠየቀ ለማሳየት አንደኛ ደረጃ ምንጭ ነው። ለሟች ቆጠራ ግን ደካማ ነው፤ ቁጥሮቹ የተጠጋጉ ናቸው። 19,200 የታሪክ ተመራማሪው ኢያን ካምቤል ከብዙ ዓመታት በኋላ ሰነድና የዓይን ምስክር አገናዝቦ ያሰላው ነው። ስሌቱን ሳታነብ ድምሩን ብቻ አትቅዳ፤ ፈታኝህ መጀመሪያ የሚጠይቅህ እሱን ነው።
የጋዜጣው መታሰቢያ ጽሑፍ አይሆንም። አምስቱን ብትጠቅስ ሁሉም ከአንድ ጉድጓድ የተቀዱ ናቸው።

የግርጌ ማስታወሻ
በወቅቱ የጣሊያን ገዥ የነበረውን የግራዚያኒን ቴሌግራሞች እንዳታልፋቸው። በግንቦት 1929 ደብረ ሊባኖስ ላይ 297 መነኮሳትና 23 ምእመናን፣ ቀጥሎም 129 ዲያቆናት ማስረሸኑን ራሱ ለሮም አስታውቋል፤ ድምሩ 449። በኋላ በቦታው የተደረገ ጥናት ከ1,000 በላይ አድርሶታል። ስለዚህ ገዳዩ ያመነውን «ቢያንስ» ብለህ ያዘው። ለአዲስ አበባው የየካቲት 12 ጭፍጨፋ ግን እንዲህ ያለ ዝርዝር አትጠብቅ፤ ጥቁር ሸሚዞች (የፋሺስት ሚሊሻዎች) እና ሲቪል ጣሊያኖች ቤት ለቤት እየዞሩ ሲገድሉና ሲያቃጥሉ ማን ይመዘግባል?
ቀን ላይም ተጠንቀቅ። የካቲት 12 ቀን 1929 ማለት ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1937 ነው። የጣሊያን ሰነድ ከዚህ ሌላ በሮማ ቁጥር 15 ብሎ የፋሺስቱን ዘመን ይጨምራል። «ፌብሩዋሪ 1929» የሚል ጽሑፍ ካገኘህ ጸሐፊው ዘመን አደባልቋል፤ ሌላውንም ቁጥሩን ተጠራጠር።

ጠያቂ
የዓይን ምስክርስ?

መዝገብ ቤት
ምስክርነቱ መቼ እንደተሰጠ እይ። በወቅቱ ከተማው ውስጥ የነበረው ሃንጋሪያዊ ሐኪም ላዲስላስ ሳቫ ያየውን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጽፎታል፤ ከ50 ዓመት በኋላ የተቀዳ ቃል ግን በመካከሉ ከተነበበና ከተወራ ጋር ይደባለቃል። ሁለቱንም ጥቀስ፣ ዓመቱን ግን በግርጌ ማስታወሻው ላይ አስገባ። ፎቶ ከሆነ ከኢንተርኔት አታንሳ፤ የሌላ ቦታ ሬሳ የካቲት 12 ተብሎ ይዞራል።
ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ጀምር፣ ከዚያ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት)። ከትምህርት ክፍልህ የድጋፍ ደብዳቤ ይዘህ ሂድ። ርእስህንም አጥብበው፤ በ15 ገጽ «የሟቾቹ ቁጥር ለምን ተለያየ» ብቻውን ይበቃሃል።