«መኪና የቤት ዕቃ አይደለም» ላልከው ሰውዬ

መሪ ጨባጭ፦
ትናንት እዚህ ቤት አንዱ «መኪና የቤት ዕቃ አይደለም፤ ሀገር የሚቀይር ሰው ሸጦ ይሂድ» ብሎ ጽፎ አደረ። የላይኩ ብዛት ደግሞ አይጣል ነው። ሰውየው ለመኪናው ግብሩን ከፍሏል። ታርጋ አውጥቶ ዓመታት ነድቶታል። ሥራ አግኝቶ ሌላ ሀገር ሲሄድ አልጋው በነፃ ይገባል፣ መኪናው ሲሆን እንደ ነጋዴ ይታያል። ይሄ ነው ፍትሕ?

ቀይ መብራት፦
የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ «አንዱ» ማለት አያስፈልግም። አልጋህ ሰው አይገጭም። ጭስ አይለቅም። የሕዝብ መንገድ አይፈልግም። ስለዚህ መኪና የቤት ዕቃ አይደለም። ዛሬም እላለሁ።

የወደብ ልጅ፦
ቀይ መብራት፣ መጀመሪያ አንብብ። የአውሮፓ ኅብረት የ2009 ደንብ፣ ቁጥር 1186፣ ከውጭ ለመኖር የሚመጣ ሰው ከቀረጥ ነፃ ይዞት የሚገባውን የግል ንብረት ይዘረዝራል። መኪና በስሙ ተጠርቷል። ሞተር ሳይክል አለ፣ ካራቫን አለ፣ የመዝናኛ ጀልባ አለ። የግል አውሮፕላን ሳይቀር አለ! አውሮፕላን የገባበት በር ለአንዲት ኮሮላ ጠበበ?

ቀይ መብራት፦
ሥራዬን አቀለልክልኝ። እዚያው ዝርዝር ላይ የቤት ዕቃ ለብቻው፣ መኪና ለብቻው ነው የተጻፈው። እኔስ ምን አልኩ?

መሪ ጨባጭ፦
ሃሃሃ፣ ተራ ቁጥር ላይ ተንጠለጠለ! ጌታው፣ ሁለቱም ነፃ ናቸው እኮ።

ታዛቢዋ፦
«ነፃ» ስትሉ ቅድመ ሁኔታውን አትዋጡት። መኪናው ከመምጣትህ በፊት ቢያንስ 6 ወር በእጅህ ሆኖ የነዳኸው መሆን አለበት። አንተም ቢያንስ 12 ወር ከኅብረቱ ውጭ ኖረህ መምጣት አለብህ። ከገባ በኋላ ደግሞ 12 ወር መሸጥ የለም፣ ማከራየት የለም። ማዋስም የለም! ይሄ ሁሉ አጥር በባዶ ሜዳ የተተከለ ይመስላችኋል? «ልኖር ነው» እያለ መኪና የሚነግድ ሞልቷል።

የወደብ ልጅ፦
እህቴ፣ ልክ ብለሻል። ግን ያልሽው ለእኔ ነው የሚመሰክረው። ነጋዴውን ከነዋሪው መለየት ይቻላል ማለት ነው። ታዲያ ሁሉን በጅምላ ሽጠህ ና ማለት ምን አመጣው?

ጋሼ ፍሬን፦
ልጆች፣ ቀረጥ ቀረጥ ትላላችሁ እንጂ ሰውን የሚያስለቅሰው ምዝገባው ነው። ጉምሩክን ያለፈ ሰው ተገላገልኩ ይላል። ገና ነው! በቀኝ ለሚነዳበት ሀገር የተሠራ የፊት መብራት በግራ በሚነዳበት ሀገር የመጪውን ሾፌር ዓይን ያጠፋል። ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ ስትወስደው የኋላ ፍሬቻው ቀይ ከሆነ አይቀበሉህም፣ ብርቱካናማ ይሁን ይሉሃል። የኋላ የጭጋግ መብራት አሜሪካ ግዴታ አይደለም፣ አውሮፓ ግዴታ ነው። ፋብሪካው የሚሰጠው፣ መኪናዋ የአውሮፓን ደረጃ ታሟላለች የሚል የተስማሚነት ሰርተፍኬት ከሌለህ መኪናዋ ለብቻዋ ተመርምራ ነው የምታልፈው። የምርመራው ወጪ ከመኪናዋ ዋጋ ጋር የሚፎካከርበት ጊዜ አለ።

ቀይ መብራት፦
ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው።

ጋሼ ፍሬን፦
ያንተንማ አላልኩም። አምፖል ይቀየራል ነው ያልኩት። ሽጠህ ሂድ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም።

ጎማ ቀያሪ፦
አምፖል መቀየር የማይበቃበት ሀገር ላምጣ? አሜሪካ። ለሀገሩ ደረጃ ያልተሠራ መኪና ወይ በተፈቀደለት አስመጪ በኩል በብዙ ብር ይስተካከላል፣ ወይ 25 ዓመት እስኪሞላው ይጠብቃል። በ1988 የወጣ ሕግ ነው በሩን እንዲህ ያጠበበው። ጎረቤቷ ካናዳ ደግሞ 15 ዓመት ይበቃኛል ትላለች። ካናዳ ላይ ደህና የነበረ መኪና ድንበሩን ሲሻገር በምን ተአምር ነው አደገኛ የሚሆነው? ይሄ የመኪና ሻጮችን ገበያ መጠበቅ ነው። ደህንነት ምናምን ሽፋን ነው።

ቀይ መብራት፦
ኬንያስ? ከ8 ዓመት በላይ ያረጀ አላስገባም ትላለች። ሲንጋፖር 3 ዓመት ያለፈውን አሮጌ መኪና አትቀበልም። እነሱም ሻጭ ሊጠብቁ ነው? ሌላው የጠገበውን ቆርቆሮ ማራገፊያ አንሆንም ማለታቸው ነው። መብታቸው ነው።

ጎማ ቀያሪ፦
ተመልከቱልኝ እስቲ። አንዱ ሀገር አሮጌ ካልሆነ አይገባም ይላል። ሌላው አሮጌ ከሆነ አይገባም ይላል። ሁለቱም ለደህንነት ነው ይላሉ። ይሄ ሰውዬ ለሁለቱም ያጨበጭባል።

ጋሼ ፍሬን፦
አውስትራሊያን ረሳችሁ። እዚያ አስቤስቶስ ያለበት ነገር ከ2003 መጨረሻ ወዲህ አይገባም። የድሮ መኪና ይዘህ ከሄድክ የፍሬን ሸራውን ጭምር ይጠይቁሃል። እሱ ግን ትክክል ነው፣ ሳንባ ይጨርሳል።

መሪ ጨባጭ፦
ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ ለማን ነው የሚጫወቱት?

ጋሼ ፍሬን፦
ለፍሬኑ።

ታዛቢዋ፦
ፍርድ ቤት የደረሰ ጉዳይ አለ። ከጀርመን ወደ ኦስትሪያ የተዛወሩ ባልና ሚስት መኪኖቻቸውን ሲያስመዘግቡ ግብር ክፈሉ ተባሉ። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ2004 ወሰነ። የምዝገባ ግብሩ ራሱ ይቻላል፣ በላዩ የተጨመረው 20 በመቶ ግን አይቻልም አለ። በአንድ ኅብረት ውስጥ ሆነው እንኳ መዛወር ብቻውን ከግብር አላዳናቸውም።

መሪ ጨባጭ፦
ይኸው! አሸነፉ።

ቀይ መብራት፦
ተሸነፉ እንጂ። ዋናው ግብር ቀረላቸው?

መሪ ጨባጭ፦
20 በመቶው ወድቋል እኮ!

ቀይ መብራት፦
ዴንማርክ ቢሄዱ ኖሮ ይታይህ ነበር። የምዝገባ ግብሩ የላይኛው እርከን 150 በመቶ ነው። ሕዝቡ ተስማምቶበት ይኖራል። አንተ ገና ትናንት የመጣህ ሰው ጎረቤትህ የከፈለውን አልከፍልም ትላለህ። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

የወደብ ልጅ፦
ጎረቤቴ መኪናውን የገዛው ግብሩን አስልቶ፣ አማርጦ ነው። እኔ ስገዛ እዚያ ሀገር እንደምኖር በሕልሜም አላሰብኩ። እንዴት ነው እኩል የምንሆነው?

ጎማ ቀያሪ፦
ደግሞ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከልክላለች። ባለ ነዳጁ ተመላሽ ምን ይሁን?

ቀይ መብራት፦
ይሽጥ።

ጎማ ቀያሪ፦
ይሄ ሰውዬ የሚያውቀው አንድ ቃል ብቻ ነው እንዴ?

መሪ ጨባጭ፦
ለመሆኑ ቀይ መብራት፣ መኪና አለህ?

ቀይ መብራት፦
የለኝም። ምን አገናኘው?

መሪ ጨባጭ፦
አልኳችሁ!

ታዛቢዋ፦
መኪና የሌለውም መንገድ ይሻገራል። ክርክሩን ተዉትና ሰውየውን ያዙት አሉ።

አዲስ ገቢ፦
ይቅርታ፣ ያ 6 ወር የሚቆጠረው ከየት ነው? ከገዛሁበት ቀን?

ታዛቢዋ፦
የቀድሞ ሀገርህን መኖሪያ ከለቀቅክበት ቀን ወደ ኋላ ነው። ገዝተህ አቁመኸው ከሆነ አይሠራም፣ የነዳኸው መሆን አለበት። የግዢውንም የኢንሹራንሱንም ወረቀት ያዝ።

ቀይ መብራት፦
ወይም ሽጠህ ሂድ።

የወደብ ልጅ፦
አድሚን! ይሄን ሰውዬ ተመልከትልን።