ጥቆማ፦ ቁም ሳጥን ሲፈታ ብሎኑ የት ይግባ? ማንስ ይፍታው?

ቤት ሊቀይሩ የተነሱ ሁለት ወዳጆቼ በአንድ ሳምንት ውስጥ ያንኑ ነገር ጠየቁኝ፦ ተገጣጣሚ ቁም ሳጥን፣ አልጋና የቲቪ ማስቀመጫ ተፈታትቶ ሲጓዝ ትንንሾቹ ዕቃዎች እንዳይጠፉ ምን ይደረግ? እኔ በስድስት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ቤት ቀይሬአለሁ። አራቱም ኮንዶሚኒየም ነው፤ ሊፍት የለውም፣ ባለ ስድስት በር ቁም ሳጥን ሳይፈታ በዚያ ደረጃ አይወርድም። የሞከርኩትን ልንገራችሁ።

ከፈቺው ልጀምር፤ ብሎን በብዛት የሚጠፋው ሰው ሲቀያየር ነውና። አንዱ ይፈታል፣ ሌላው ይጭናል፣ ሦስተኛው አዲሱ ቤት ላይ ይገጥማል። የመጀመሪያው የት እንዳስቀመጠው ሦስተኛው አያውቅም።

ጫኝና አውራጆች ለጉልበቱ ወደር የላቸውም። ፍሪጅ ከአራተኛ ፎቅ በጀርባቸው ሲያወርዱ አይቼ ተደንቄአለሁ። እንዲፈቱ ግን አትስጧቸው። ሥራቸው ማንሳትና ማውረድ ነው፣ አይሱዙው ቆሞ እየጠበቀ ነው፣ ይቸኩላሉ። ከጀሞ ወደ ሰሚት ስንዛወር «እኛ እንፈታዋለን፣ አታስቡ» ብለው የቁም ሳጥኑን፣ የአልጋውንና የቡፌውን ብሎን በሙሉ አንድ ፌስታል ውስጥ ጨመሩት። ፌስታሉ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ተቀደደ። ብሎኑ ደረጃ ለደረጃ እየተንከባለለ ምድር ድረስ ወረደ። የጎረቤት ልጆች፣ እግዚአብሔር ያሳድጋቸው፣ አጎንብሰው ሲለቅሙልን አመሹ። ማታ ስንቆጥር ሰባት ፍሬ ጎደለ፤ ሦስት ሳምንት ልብሳችንን በማዳበሪያ አስረን ከረምን።

የሰፈር አናጺ ከዚህ በእጅጉ ይሻላል፤ መሣሪያው የራሱ ነው፣ ተረጋግቶ ይሠራል። አንድ ነገር ብቻ አደራ በሉት፦ መልሶ ሲገጥም የመጨረሻዋን ጥብቂያ በድሪል ሳይሆን በእጅ ካቻቪቴ ያድርጋት። ቺፕውድ የተጨመቀ ፍርፋሪ ነው፤ ድሪል አንዴ ካለፈበት ቀዳዳው ይሰፋል፣ ብሎኑም ከዚያ ወዲያ አይነክስም።

ዕቃውን የሸጠላችሁ ሱቅ ገጣጣሚ ካለው፣ መስታወት ወይም ተንሸራታች በር ላለው ቁም ሳጥን የእኔ ምርጫ እሱ ነው። ዋጋው ከአናጺው ይበልጣል፤ ግን ዕቃውን ያውቀዋል፣ ከቦርሳውም መለዋወጫ አያጣም። ለተራ አልጋና ለመጽሐፍ መደርደሪያ ግን አያስፈልግም፣ አናጺ ይበቃል። ማንንም ብትይዙ ስምምነቱ ፈትቶ፣ አሽጎ፣ አዲሱ ቤት ሄዶ እስኪገጥም ድረስ በአንድ ዋጋ ይሁን፤ ከክፍያውም ገሚሱን ያዙ። የፈታው ሰው ራሱ የሚገጥም ከሆነ ብሎኑን እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቀዋል።

አሁን ወደ መያዣው። ከሁሉ የወደድኩት መድኃኒት ቤት ክኒን ቆጥረው የሚሰጡባትን ትንሿን ባለ ዚፕ ላስቲክ ነው። ወፈር ትላለች፣ ብሎን ቶሎ አይበሳትም፣ ውስጧ ያለውም ከውጭ ይታያል። ከመርካቶ በጥቅል ትገኛለች። የኮሚሽን ሥራ እንዳይመስልባችሁ፤ ማንኛውም ሱቅ የሚሸጠው ያው ነው። ያገለገለችውን የምትጠቀሙ ከሆነ የክኒኑን ዱቄት አጥባችሁ አድርቋት፣ አለዚያ ብሎኑ ይዝጋል።

የእንቁላል ካርቶን ጥሩ ነው፣ ግን ሥራው ላይ እያላችሁ ብቻ። ሠላሳ ጉድጓድ አለው፤ ከግራ ጀምራችሁ በፈታችሁበት ቅደም ተከተል እየጣላችሁ ሂዱ፣ ስትገጥሙ ከመጨረሻው ተነሱ። መኪና ላይ ሲወጣ ግን አንዴ ቢዘነብል ያው ድብልቅልቅ ነው። የመኪና መካኒኮች የሚጠቀሙበት የማግኔት ሳህንም እንዲሁ፤ ብረቱን ይይዛል፣ የእንጨትና የፕላስቲክ ማያያዣውን ግን አይይዝም፣ ለዚህ ብላችሁ ገንዘብ አታውጡ። የሃይላንድ ጠርሙስ ለመክተት ይቀላል፣ ለማውጣት ያስቸግራል። የብስኩት ቆርቆሮ ደግሞ የላስቲኮቹ ሁሉ ማደሪያ ይሁን። ያ ቆርቆሮ መኪና ላይ አይጫንም፤ ከሰነዳችሁና ከወርቃችሁ ጋር በእጃችሁ ይጓዛል።

ፕላስተር ስትገዙ ቀለም ቀቢዎች ጠርዝ የሚሸፍኑበትን የወረቀቱን ጠይቁ። እስክሪብቶ ይቀበላል፣ ሲነሳም የጣውላውን ልባስ አይልጥም። ቡናማው የካርቶን ማሸጊያ ያገኘውን ይዞ ይነሳል፤ እኔ የቡፌዬን ፊት በእሱ አበላሽቻለሁ።

አሁን ዋናው ነገር፦ ላስቲኳ በዕቃ አትከፈል፣ በመገጣጠሚያ ትከፈል። «ቁም ሳጥን» ብሎ አንድ ላይ መክተት አይበቃም። የበር ማጠፊያ ላይ ያለችው ብሎን አጭር ናት፤ የበሩ ውፍረት ብዙውን ጊዜ 16 ወይም 18 ሚሊ ስለሆነ። ከሌላ ቦታ የመጣች የ30 ሚሊ ብሎን በስህተት እዚያ ከገባች በበሩ ፊት ለፊት ብቅ ትላለች፣ ያ ቀዳዳ አይደፈንም። ስለዚህ «የግራ በር ማጠፊያ፣ 8 ፍሬ» ብላችሁ ቁጥሩን ጭምር ጻፉ፤ ያንኑ ጽሑፍ በበሩ ላይም በወረቀት ፕላስተር ለጥፉ፣ ሁለቱን አንድ ላይ በስልክ አንሱ።

ሁለት ጣውላ አገናኝታ የምትይዘውን ክቧን፣ 15 ሚሊ ስፋት ያላትን መቆለፊያ ልብ በሉ። ካቻቪቴ ይዛችሁ ወደ ግራ ግማሽ ዙር ያህል ስታዞሯት አፏ ወደ ጣውላው ጠርዝ ይዞራል፣ ያኔ ጣውላው በራሱ ይለቃል። ካልለቀቀ አትጎትቱ፣ ገና አልተከፈተችም ማለት ነው። መቆለፊያዋን ከጉድጓዷ በጣታችሁ መታ አድርጋችሁ አውጧት፤ እዚያው ከተተወች ጣውላው ሲገለበጥ ትወድቅና ማንም ድምፅዋን አይሰማም። ከወዲያኛው ጣውላ ላይ የቆመውን፣ መቆለፊያዋ የምትነክሰውን ዘንግም ንቀሉት፣ ደረጃ ላይ ግድግዳ ሲነካ ጣውላውን ገንጥሎ ይሄዳል። የእንጨት ዘንጎቹ በሙጫ ከተያዙ ተዋቸው፣ የላሉትን ብቻ ሰብስቡ።

ከጠፋም መላ አለው። ናሙና ሳትይዙ መርካቶ አትውረዱ። የፈርኒቸር ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ገብታችሁ «የቁም ሳጥን ብሎን» ብትሉ አሥር ዓይነት ያወጡላችኋል። እኔ የተረፈችውን አንዷን ይዤ ሄድኩ፤ ባለ ሱቁ መዳፉ ላይ ከራሱ ጋር ጎን ለጎን አስተኝቶ ጥርሷን በጥፍሩ ዳሰሰና ሰባቱን ቆጥሮ ሰጠኝ። ለክቧ መቆለፊያ የጣውላውን ውፍረትም ለክታችሁ ሂዱ፤ የ16 ሚሊና የ18 ሚሊው ጥልቀቱ ይለያያል። ያገለገለ ነገር ከፈለጋችሁ ምናለሽ ተራ ታገኛላችሁ፣ ጊዜ ግን ይፈልጋል።

ውጭ አገር ሆናችሁ ከአይኪያ (ተገጣጣሚ የቤት ዕቃ ሻጩ ድርጅት) የገዛችሁ ደግሞ መመሪያውን አትጣሉ። እያንዳንዱ ትንሽ ዕቃ አጠገብ ቁጥር ተጽፏል፤ በብዙ አገሮች በዚያ ቁጥር በድረ ገጻቸው ስትጠይቁ ብዙዎቹን ትንንሽ መለዋወጫዎች በነፃ ይልካሉ። ብሎናቸው ላይ ከመስቀሉ መሃል ቀጫጭን መስመሮች ካያችሁ ተራው የመስቀል ካቻቪቴ ጥርሱን ይበላዋል፣ ለእሱ የሚሆነውን ግዙ።

ልጅ ላላችሁ አንድ ላስቲክ በቀይ እስክሪብቶ ትጻፍ፦ ቁም ሳጥኑን ከግድግዳ ጋር የምታስረው ትንሿ ማዕዘን ብረት። በ2016 እ.ኤ.አ. አይኪያ አሜሪካ ውስጥ 29 ሚሊዮን ገደማ ባለ መሳቢያ ሣጥኖችን ያስመለሰው፣ ግድግዳ ላይ ካልታሰሩ እየተገለበጡ ሕፃናትን ስለገደሉ ነው። አዲስ ቤት ሲገባ በድካም የምትረሳውም እሷው ናት። ብረቷ ከእናንተ ጋር ትሄዳለች፣ ፊሸሩ (ብሎኑ እንዲነክስ ግድግዳው ቀዳዳ ውስጥ የሚገባው ፕላስቲክ) ግን አሮጌው ግድግዳ ውስጥ ይቀራል። ከመዛወሪያው ቀን በፊት አዲስ ግዙ፤ ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ ውስጡ ክፍት ስለሆነ «ለብሎኬት የሚሆን» ብላችሁ ጠይቁ፣ ላስቲኳ ውስጥም አብራችሁ ክተቱት።