የተዋጊ ጄት ሞተር በሽርክና ሲሠራ ዕውቀቱ የማን ይሆናል?

አወያይ፣ ደሴ

ለዚህ ሳምንት የቀረበው የክርክር ርዕስ ከወሎ የራቀ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል ጭምር ተመትቷልና፣ የሰማይ ኃይል በማን እጅ እንዳለ መጠየቅ ለዚህች ከተማ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ጥያቄውን ያስነሳው ህንድ ለወደፊቱ ተዋጊ አውሮፕላኗ የሚሆን ሞተር ከፈረንሳዩ ሳፍራን ኩባንያ ጋር በጋራ ለማልማት መወሰኗን የመከላከያ ሚኒስትሯ በአውሮፓውያን 2025 ማስታወቃቸው ነው። የራሱ ሞተር የሌለው አገር ከባለሞተሮቹ ጋር መሻረኩ የዕውቀቱ ባለቤት ያደርገዋል ወይስ እንደ ድሮው ደንበኛ ሆኖ ይቀራል? ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቀድሞ የአየር ኃይል ቴክኒሻን፣ ደሴ

እኔ የሞተር ክፍል ሰው ስለነበርኩ የምጀምረው ከራሳችን ታሪክ ነው። በ1977 ሶማሊያ ስትወረን ከነበሩን ተዋጊዎች ዋነኛው ኤፍ-5 ነበር፤ ሞተሩ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ጄ-85 ሲሆን፣ አሜሪካ በዚያው ዓመት የመሣሪያ አቅርቦቷን አቋረጠችብን። አብራሪዎቻችን በኦጋዴን ሰማይ የፈጸሙት ጀብዱ ዛሬም ያኮራኛል፤ የፈጸሙት ግን አምራቹ ፊቱን ባዞረበት አውሮፕላን ነው። ይህ የገዢ ዕጣ ነው፣ ሸሪክን ግን አይነካም የሚል ካለ ቱርክን ይመልከት። ቱርክ የአሜሪካው ኤፍ-35 ተዋጊ አውሮፕላን ፕሮግራም ሸሪክ ሆና የአውሮፕላኑንም የሞተሩንም ክፍሎች ታመርት ነበር፤ የሩሲያን ኤስ-400 የአየር መከላከያ ሚሳይል ስትረከብ ግን በ2019 ከፕሮግራሙ ተወገደች። በየካቲት 2024 ለመጀመሪያ ጊዜ ያበረረችው የራሷ ካን አውሮፕላንም የተነሣው በሁለት የአሜሪካ ኤፍ-110 ሞተሮች ነው።

ሌላም ልጨምር። ጄኔራል ኤሌክትሪክና የፈረንሳዩ ስኔክማ ሲኤፍኤም-56 የተባለውን የመንገደኛ አውሮፕላን ሞተር እኩል ለእኩል ለመሥራት ሲስማሙ፣ የሞተሩ እምብርት ከቢ-1 ቦምብ ጣይ ሞተር የተወሰደ በመሆኑ የአሜሪካ መንግሥት በ1972 የኤክስፖርት ፈቃድ ከለከለ። ጉዳዩ የተፈታው በ1973 የሁለቱ አገሮች ፕሬዚዳንቶች ኒክሰንና ፖምፒዱ አይስላንድ፣ ሬይኪያቪክ ላይ ተገናኝተው ነው፤ ያም ቢሆን እምብርቱ ወደ ፈረንሳይ የሚላከው እንደታሸገ ነበር። ለወዳጅዋ ፈረንሳይ ያልተከፈተ ሣጥን ለማን ይከፈታል?

የሜካኒካል ምህንድስና መምህርት፣ ኮምቦልቻ

ጋሼ ያነሷቸው ታሪኮች እውነት ናቸው፤ ነገር ግን ገዢን፣ ክፍል አምራችንና የዲዛይን ሸሪክን በአንድ ረድፍ ማሰለፍ ክርክሩን ያዛባዋል። ቱርክ በኤፍ-35 ውስጥ የነበራት ሚና በሌላ ሰው ሥዕል መሠረት ማምረት ነበር፤ ከወጣችም በኋላ ያንን ክፍል ሌላ አምራች ሊተካው ችሏል።

ሞተሩ ለምን ይህን ያህል እንደሚያስቸግር በጥቂቱ ላስረዳ። ከማቃጠያው ክፍል የሚወጣው ጋዝ በመጀመሪያው ረድፍ የተርባይን ብሌዶች (ጋዙ የሚያሽከረክራቸው ክንፍ መሰል ቁራጮች) ላይ ሲደርስ ሙቀቱ ብሌዱ የተሠራበት የኒኬል ቅይጥ ከሚቀልጥበት ሙቀት ይበልጣል። ብሌዱ ሳይቀልጥ በደቂቃ ከ10,000 ጊዜ በላይ እየተሽከረከረ የሚቆየው ከአንድ ክሪስታል ብቻ እንዲያድግ ሆኖ በመቀረጹ፣ በውስጡ በተበጁ ቀጫጭን ቦዮች አየር ከሚጨምቀው ክፍል ከኮምፕረሰሩ የመጣ አየር በማለፉና ላዩ በሴራሚክ በመለበጡ ነው። የእነዚህን ነገሮች ሥዕል ማንም ሊገዛ ይችላል፤ ብረቱ በምን ፍጥነት እንዲቀዘቅዝ ማድረግ እንደሚገባ፣ ስንቱ ቅርጽ ተበላሽቶ ስንቱ እንደሚተርፍና የተበላሸው ለምን እንደተበላሸ ግን ብረት ቀልጦ በሚቀረጽበት ፋውንደሪ ውስጥ ዓመታት ካላሳለፈ ሰው በቀር የሚያውቅ የለም።

ህንድ ይህንን ብቻዋን ሞክራዋለች። የካቬሪ ሞተር ፕሮግራም በ1989 ጸደቀ፤ ክብደቱ ከታቀደው በለጠ፣ የግፊት ኃይሉም ከሚፈለገው በታች ሆነና በ2008 ከህንድ ሠራሹ ተዋጊ ከቴጃስ አውሮፕላን ጋር የነበረው ትስስር ተቋረጠ፤ ቴጃስ ዛሬም የሚበርረው በአሜሪካ ኤፍ-404 ሞተር ነው። ስለዚህ ብቻን መሥራት ነፃነት ነው የሚለው ሐሳብ ለካቬሪ መሐንዲሶች አልሠራላቸውም፤ ድካማቸውን አከብራለሁ፣ ውጤቱን ግን ማየት አለብን።

አሁን ወደ አውሮፓ እንሂድ። ዩሮፋይተር ታይፉን የተባለውን የአውሮፓውያን የጋራ ተዋጊ አውሮፕላን ኢጄ-200 ሞተር ለመሥራት በ1986 በተቋቋመው ዩሮጄት ውስጥ የብሪታንያው ሮልስ ሮይስና የጀርመኑ ኤምቲዩ እያንዳንዳቸው 33 በመቶ፣ የኢጣሊያው አቪዮ 21 በመቶ፣ የስፔኑ አይቲፒ 13 በመቶ ያዙ። አይቲፒ የተመሠረተው በ1989 ሲሆን ዋነኛ ምክንያቱም ይኸው ፕሮግራም ነበር። ከማቃጠያውና ከከፍተኛ ግፊት ተርባይኑ ርቆ ከኋላ ያለውን የጋዝ መውጫ ይዞ የጀመረው ይህ ኩባንያ፣ በኋላ ለሮልስ ሮይስ ትሬንት ሞተሮች የዝቅተኛ ግፊት ተርባይን እስከ መንደፍ ደረሰ። የምከራከረው ለዚህ መንገድ ነው፦ ከጫፍ ገብቶ ወደ መሃል መሥራት።

ነጋዴ፣ ደሴ ፒያሳ

መምህርት፣ ስፔን 13 በመቶውን ያገኘችው 100 አውሮፕላን ለመግዛት ቃል ስለገባች መሆኑ አብሮ መነገር አለበት። የሥራ ድርሻ የተከፋፈለው በትእዛዝ ብዛት ነው። ትእዛዝ ማለት ገንዘብ ነውና፣ ብዙ አውሮፕላን የማይገዛ አገር በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ወንበር የለውም።

የፊዚክስ መምህር፣ ደሴ

አፍሪካ ውስጥ የተሞከረውን ማንም አላነሳውም፤ ለእኔ ግን ከሁሉም በላይ የሚያስቆጨው እሱ ነው። ግብፅ በ1960ዎቹ ሔልዋን ላይ ኤችኤ-300 የተባለ ተዋጊ አውሮፕላን ስትሠራ ሞተሩን ኢ-300ን የነደፈው ኦስትሪያዊው ፈርዲናንድ ብራንድነር ነበር። አውሮፕላኑ መጋቢት 1964 በሌላ ሞተር በረረ፤ ህንድም ኢ-300ን ለራሷ ማሩት አውሮፕላን ስለፈለገችው በወጪው ተሳተፈች፣ አንድ ማሩት ወደ ግብፅ ተልኮም ሞተሩ በእሱ ላይ ተሞከረ። በ1969 ሁሉም ነገር ቆመ። ከ1967ቱ ጦርነት በኋላ ግብፅ ገንዘብ አጥሯት ነበር፤ የሩሲያ አውሮፕላኖችም በቀላሉ ይገኙ ነበር።

ሁለት ታዳጊ አገሮች ተሻርከው፣ ሞተሩም ተነሥቶ ሠርቶ ሳለ፣ ሥራው የተንጠለጠለው ከውጭ በመጡ ባለሙያዎች ላይ ስለነበረ እነሱ ሲሄዱ የሚቀጥለው ሰው ጠፋ። ወንድሜ ነጋዴው ገንዘብ ወሳኝ ነው ያለው ልክ ነው፤ እኔ ግን ከገንዘቡ እኩል የማስቀድመው በየዓመቱ የሚተካካ የመሐንዲስ ትውልድ መኖሩን ነው። በ1935 አዲስ አበባ ላይ የተገጣጠመችውና በ2024 ከኢጣሊያ የተመለሰችው «ፀሐይ» አውሮፕላንም ሞተሯ ከውጭ የመጣ ነበር፤ ጦርነቱ ስለደረሰብን የእሷን ሥራ የሚቀጥል እጅ አላገኘንም።

የቀድሞ የአየር ኃይል ቴክኒሻን፣ ደሴ

የስፔንን ታሪክ በጥሞና አነበብኩት፤ ደስ የሚያሰኝ ነው። አንድ ነገር ግን ይመለስልኝ። ሞተር በውጊያ ላይ እያለ ብሌዱ ቢሰነጠቅ፣ ዲዛይኑን የመለወጥ መብት የማን ነው? እኔ በሥራ ዘመኔ ያየሁት መመሪያው ከፈቀደው ውጭ አንዲት ብሎን መቀየር እንኳ እንደማይቻል ነው። በውሉ ላይ የጋራ ተብሎ ተጽፎ ለውጡን የሚያጸድቀው አንደኛው ወገን ብቻ ከሆነ፣ ሁለተኛው ወገን ሸሪክ ሊባል አይገባም።

የሜካኒካል ምህንድስና መምህርት፣ ኮምቦልቻ

ጋሼ፣ የክርክሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ህንድ በ2023 ከጄኔራል ኤሌክትሪክ ጋር የተፈራረመችው የኤፍ-414 ሞተር ሰነድ በአገሯ እንድታመርት የሚያስችል ነው፤ የዲዛይኑ ባለቤት ግን አሜሪካዊው ኩባንያ ነው። ከሳፍራን ጋር የታሰበው ከባዶ የሚነደፍ ሞተር በመሆኑ የዲዛይን መብትን ገና ከጅምሩ መደራደር ይቻላል፤ ብሪታንያ፣ ጃፓንና ኢጣሊያም እስከ 2035 ለማድረስ ያቀዱትን አውሮፕላን የጀመሩት ከወረቀቱ ጀምሮ አብረው ነው። እኔ ከውሉ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ የሙቁን ክፍል ብሌዶች ህንዳውያን ራሳቸው እንዲቀርጹ ነው። ሁለተኛው የሙከራ ጣቢያውን ይመለከታል፤ ካቬሪ በ2010 በአየር ላይ የተሞከረው ሞስኮ አጠገብ በኢልዩሺን-76 አውሮፕላን ላይ ተሰቅሎ ነበር፣ ህንድ ለዚህ የሚሆን የራሷ በራሪ መሞከሪያ አልነበራትምና።

የቀድሞ የአየር ኃይል ቴክኒሻን፣ ደሴ

ሁለቱ በውሉ ውስጥ ከገቡ በሽርክናው ላይ ተቃውሞ የለኝም። የብሌዱ ቀረጻ ፈረንሳይ ውስጥ ቀርቶ ህንድ የምታገኘው መገጣጠሙን ብቻ ከሆነ ግን አቋሜ እንደነበረ ነው።