«ግብረ አበር» ምን አጥፍቶ ነው?

የከዚራ ጥላ (ድሬዳዋ)

ሰላም ጀማው። ያዋረደኝን ቃል ይዤ መጥቻለሁ።

እዚህ ድሬ ጥቂት አብያተ ክርስቲያናት አንድ ላይ የሚያደርጉት የጸሎት ሳምንት ነበር፤ የአስተባባሪ ኮሚቴው ጸሐፊ ነኝ። ሲያልቅ የምስጋና ደብዳቤ አርቅቅ ተባልኩ። «አብረውን የሠሩ» ማለት ሰለቸኝና ግዕዝ ግዕዝ የሚሸት ነገር ፈልጌ «በወንጌል ሥራ ግብረ አበሮቻችን ለሆናችሁ ሁሉ» ብዬ ጻፍኩ። ሰብሳቢያችን ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ ነው። መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ፣ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ ጮክ ብሎ አነበበው። «ግብረ አበሮቻችን» ላይ ሲደርስ ቀና አለ። «አቦ፣ ምን ሰርቀን ነው?»

ሳቁ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ግን ጥያቄው ጥያቄ ነው። ግብር ሥራ ነው። አበረ ማለት ተባበረ፣ አንድ ላይ ሆነ ማለት ነው። ሁለት ንጹሕ ቃል ተጋብቶ እንዴት ወንጀለኛ ይወልዳል?

ባለ ድጓ

ሽማግሌውን «ነው»፣ «አለ» እያልክ ማውራትህን ታዝቤ አልፌያለሁ።

ወደ ቃሉ። አበረ የግዕዙ ኀበረ ነው። ኅብረት፣ ማኅበር፣ ትብብር፣ «አብሮ» እንኳ ሳይቀር የዚሁ ቤት ልጆች ናቸው። ግብረ አበርን ያበላሸው የፖሊስ ዘገባ ነው። «ተጠርጣሪውና ግብረ አበሮቹ» ሲባል ስንት ዓመት ሰማን? ቃል ከዋለበት ይመስላል። ወንድሙን «አባሪ»ን ተመልከተው። ችሎት ከቆመ የወንጀል ተካፋይ ነው፤ ደብዳቤ ግርጌ ከተቀመጠ ግን «አባሪ፦ 3 ገጽ» ሆኖ በሰላም ይኖራል።

ደግሞም ማበር በራሱ ጽድቅ ሆኖ አያውቅም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 23ን አንብብ። ከአርባ የሚበልጡ ሰዎች ጳውሎስን ሳንገድል እህል ውኃ አንቀምስም ብለው ተማማሉ። አንድ ልብ ናቸው፣ መሐላ አላቸው፣ ጾም ሳይቀር አላቸው! ከብዙ ኮሚቴ የተሻለ ኅብረት ነበራቸው። ልዩነቱ የታሰበው ግብር ላይ ነው። ስለዚህ «ግብረ አበር» ውስጥ ጥፋተኛው አበር ሳይሆን ግብር ነው እላለሁ።

ሸዋ በር (ሐረር)

መምህር፣ በድሬና በሐረር «አንቱ» ብዙም አይሰማም፤ አባቴንም አንተ ነው የምለው። ልጁን በዚህ አትያዘው። (አንተንም አንተ አልኩህ፣ ይቅርታ።)

ማበር ለበጎም ለክፉም ነው ካልን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»ንም እንየው። ሰው ሁሉ የሸረሪት ድር ይመስለዋል። ይሆናል፤ ሸረሪት ድሯን ታደራለች እንላለንና። እኔ ግን ሸማኔ ጎረቤት ነበረኝ፤ ድር ሲባል የሚታየኝ እሱ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ከፊቱ የተወጠረው ክር ነው። ብቻውን አንዱን ክር በጣትህ ብትስበው ይበጠሳል። መቶው አንድ ላይ ሲወጠር ደግሞ ጠንካራ ነው፣ ግን ገና ጨርቅ አይደለም። ጨርቅ የሚሆነው ማጉ በመወርወሪያ ገብቶ አግድም ሲያቋርጠው ነው። ሰዎች «አንድነት» ሲሉ ሁሉም ወደ አንድ ወገን የተዘረጋ ድር ነው የሚያስቡት። ኮሚቴ ውስጥ ሐሳብህን አግድም የሚያቋርጠውን ሰው ግን ከድሩ ጋር የተጣላ አድርገን እንቆጥረዋለን። ማግ እኮ ነው።

ባለ ድጓ

ይህን ከቅኔ ቤት ልደግፍልህ። ኅብር በግዕዝ ቀለምም ማለት ነው። በቅኔ ደግሞ ኅብር የሚባለው አንዱ ቃል ሁለት ፍቺ ይዞ ሲቆም ነው። ሁለቱ ፍቺዎች አይቀላቀሉም፣ አንዱም ሌላውን አያባርርም። ኅብረት ከዚህ ቤት የወጣ ቃል ሆኖ ሳለ «ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን» ብሎ መተርጎም መሃይምነት ነው። (ተቆጣሁ መሰለኝ።)

አንተ ያልከው ይቅር ተብሏል፤ እኛ ዘንድ ግን አይለመድም።

ቀፊራ (ድሬዳዋ)

ደብዳቤውን ትታችሁ ሰብሳቢውን ምን እንበለው? እኛ ጋ «መሪ»፣ «አገልጋይ»፣ «መጋቢ» ይፈራረቃል። «አገልጋይ» ከስም በፊት ሲገባ ማዕረግ ሆኗል፤ «አገልጋይ እከሌ ቦታ ልቀቁለት» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እኔ «መጋቢ» ደስ ይለኛል። መገበ ነው ሥሩ፤ ምግብም መግቦትም ከዚያው ነው። አማርኛ ስለ ሹመት ምን ይላል? «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል»። ሹም የሚበላ ነው። መጋቢ ደግሞ የሚያበላ። ሕዝቅኤል 34 ላይ «ራሳቸውን ለሚያሰማሩ ለእስራኤል እረኞች ወዮላቸው» የተባለው የበሉት ናቸው። «ማሰማራት» ራሱ የከብት ቃል መሆኑን ረስተነው፣ ዛሬ በንግድ የተሰማራ፣ የተሰማራ ፖሊስ እንላለን። ሣሩ ብቻ ጠፋ።

ሸዋ በር

ጨምሪበት እህቴ፦ ማቴዎስ 20፥25 በቀድሞው ትርጉም «ታላላቆቹም በላያቸው እንዲሠለጥኑ» ይላል። የወንድሜ ልጅ ሰንበት ትምህርት ቤት ሲያነበው «ሥልጠና መውሰድ ምን ችግር አለው?» ብሎ ጠየቀ። ሠለጠነ ማለት ገዛ፣ ሥልጣን ያዘ ማለት ነበር። አሁን ሥልጣኔና ሥልጠና ቃሉን ወርሰውት ጌታ ኮርስ የከለከለ መሰለ።

ባለ ድጓ

«መሪ»ን አትጣሉት። ማኅሌት ላይ መሪጌታ ይመራል፣ ግራና ቀኙ ይቀበላል። እዚያ መምራት ማለት ቃሉን ቀድሞ አንሥቶ ለሌላ መስጠት ነው። ተቀባይ ከሌለ መሪጌታውም አንድ ድምፅ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

በጽዋ ማኅበርም መሪው ማን እንደሚባል ታውቃላችሁ፦ ሙሴ። «ሙሴው መጣ ወይ?» ይባላል። ስሙን የሰጡት ሰዎች ዘጸአት 18ን ሳያስቡ አልቀሩም። ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ አማቱ ዮቶር አይቶ፣ አንተም ደከምክ ሕዝቡም ደከመ፣ ብቻህን አትችለውም አለው። የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳ፣ የአሥር አለቃ ሹም አለው። ሻለቃ፣ መቶ አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ አሥር አለቃ! ዛሬ ትከሻ ላይ የምናያቸው ማዕረጎች እዚያ ለአንድ የደከመ ሰው ሸክም ማቃለያ ነበሩ።

የከዚራ ጥላ

ቤተሰብ፣ ደብዳቤው ዛሬ ወጣ። ዮቶር «ደከመ» ያለው ነው መንገዱን ያሳየኝ። ጳውሎስም ሮሜ 16፥12 ላይ በጌታ ለደከሙ ሴቶች ሰላምታ ይልካል፤ በአማርኛችን ደግሞ መድከም ዝለትም ነው፣ ልፋትም። «ግብረ አበሮቻችን»ን ሰርዤ «አብረውን ለደከሙ» አልኩ።

ሰብሳቢው አሁንም ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አነበበው። ከዚያ ከፊርማው በላይ «መሪ» ብዬ የጻፍኩትን በእስክሪብቶ ሰርዞ «ሰብሳቢ» አደረገው። ለምን ስለው «እኔ መቼ መራሁ፣ ስብሰባ ነው የሰበሰብኩት» አለ። ቀጥሎ ወንበር ያመላለሱትን፣ ሻይ ያፈሉትንና ምሽት ላይ ግቢውን የጠረጉትን ልጆች ስም በሙሉ ጽፌ እንዳያይዝ አዘዘኝ።

ስለዚህ ደብዳቤው ግርጌ አሁን እንዲህ ይላል፦ አባሪ፣ 2 ገጽ።