ክርክር፦ ለሩቅ ኢንፍራሬድ ምስል የሱፐርኮንዳክተር ዳሳሽ ይመረጥ ወይስ የተለመደው ይሻሻል?

አወያይ፦ ናሳ እ.ኤ.አ. በ2024 ለተጨማሪ ጥናት ከመረጣቸው ሁለት የጠፈር ቴሌስኮፕ ዕቅዶች አንዱ የሆነው ፕሪማ፣ ሩቅ ኢንፍራሬድን (ዓይን የማያየውን፣ ሞገዱ ከቀይ ብርሃን እጅግ የረዘመ ብርሃን) በሱፐርኮንዳክተር ዳሳሾች፣ ማለትም እጅግ ሲቀዘቅዙ ኤሌክትሪክን ያለ መቋቋም ከሚያሳልፉ ቁሶች በተሠሩ ዳሳሾች፣ ለማንሳት የታሰበ ነው። የሕዝብ ገንዘብ ለዚህ ሊውል ይገባል ትላላችሁ?

ተከራካሪ 1፦ አልደግፍም። የጄምስ ዌብ የጠፈር ቴሌስኮፕ እስከ 28 ማይክሮሜትር የሞገድ ርዝመት የሚዘልቁ ድንቅ ምስሎችን የሚያነሳው በተለመዱት፣ ማለትም እንደ ሲሊከን ካሉ ቁሶች በሚሠሩ የሴሚኮንዳክተር ዳሳሾች ነው፤ ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ይበልጥ የሚቀዘቅዘው እንኳ ከ7 ኬልቪን (ኬልቪን ከፍፁም ዜሮ፣ ከ−273 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ ጀምሮ ይቆጠራል) ጥቂት ዝቅ ቢል ይበቃዋል። የፕሪማ ዳሳሾች ግን ወደ 0.1 ኬልቪን ገደማ መውረድ አለባቸው። ሩቅ ኢንፍራሬድን ያነሳ የነበረው የሄርሼል ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ2013 የሚያቀዘቅዘው ሂሊየም ሲያልቅ ምልከታው እንዳከተመም ልንዘነጋ አይገባም።

ተከራካሪ 2፦ የሄርሼል ነገር የእኔን ሙግት ያጠናክራል እንጂ የእርስዎን አይደግፍም። ካሜራዎቹ በሱፐርኮንዳክተር ሳይሠሩም ያለ ብርቱ ቅዝቃዜ ማየት አልቻሉም። የሩቅ ኢንፍራሬድ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ጉልበቱ እጅግ አነስተኛ በመሆኑ፣ መሣሪያው ካልቀዘቀዘ የራሱ ሙቀት ይውጠዋል። የሞገድ ርዝመቱ 100 ማይክሮሜትር የሆነ አንድ ፎቶን 0.012 ኤሌክትሮን ቮልት (የጥቃቅን ጉልበት መለኪያ) ብቻ ይይዛል፤ በንጹሕ ሲሊከን ውስጥ ኤሌክትሮን ለማስለቀቅ 1.1 ሲያስፈልግ፣ በቀዘቀዘ አሉሚኒየም ውስጥ የተጣመሩ ኤሌክትሮኖችን ለመነጠል ግን ከ0.001 ያነሰ ይበቃል። እንዲህ ያለውን ደካማ ብርሃን ለመያዝ ከዚህ የሚሻል ቁስ አላውቅም።

ተከራካሪ 3፦ የሽቦው ጉዳይ ተዘንግቷል። እያንዳንዱ ሽቦ ከውጭ ሙቀት ይዞ ስለሚገባ፣ ሺህ ፒክስሎችን በሺህ ሽቦ ማንበብ የተደከመበትን ቅዝቃዜ ያባክናል። ለፕሪማ የታሰቡት ዳሳሾች ግን እንደ ራዲዮ ጣቢያዎች በየራሳቸው ፍሪኩዌንሲ የተቃኙ ናቸው፤ ፎቶን ያረፈበት ፒክስል ፍሪኩዌንሲው በጥቂቱ ዝቅ ይላል፣ የብዙዎቹም ለውጥ በአንድ የጋራ መስመር ይነበባል። ለእኔ ሚዛኑን የደፋው ይህ ነው።

ተከራካሪ 1፦ የሽቦውን እቀበላለሁ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2023 ብዙ የተወራለት ባለ400,000 ፒክስል የሱፐርኮንዳክተር ካሜራ የተሞከረው በሚታይና በአልትራቫዮሌት ብርሃን ስለሆነ፣ ለሩቅ ኢንፍራሬድ ማስረጃ ተደርጎ እንዳይቀርብ እለምናለሁ።

ተከራካሪ 2፦ ልክ ነው፣ እሱን አልጠቅስም። የፕላንክ ሳተላይት ግን ዳሳሾቹን በ0.1 ኬልቪን ጠፈር ላይ ከሁለት ዓመት በላይ ይዞ ቆይቷል፤ ቅዝቃዜው የተቋረጠውም ጋዙ በማለቁ ነው። ለፕሪማ የታሰበው በማግኔት የሚሠራ ማቀዝቀዣ ግን እንደዚያ እየወጣ የሚያልቅ ጋዝ የለውም።

ተከራካሪ 1፦ እንግዲያው ገንዘቡ አስቀድሞ ለማቀዝቀዣው ይመደብ፤ ከዳሳሾቹ ጋር ተገጥሞ ምድር ላይ ለረጅም ጊዜ ሳይቋረጥ ሳይፈተን እንዳይመጥቅም በውል ይታሰር። እስከ 28 ማይክሮሜትር ላለው ሥራ ሴሚኮንዳክተርን የምንተውበት ምክንያት ግን አሁንም አልታየኝም።